የጤና መተግበሪያችን ኮድ የት ነው ያለው?

እህቶቼ፣ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ መጀመሪያ ሲሰሙት የእኛ አይመስልም። ኮድ፣ ሶፍትዌር፣ የጋራ የኮድ ማከማቻ። “ስንት ሥራ እያለብኝ ምን አገባኝ?” የምትል አትጠፋም። ግን አስቡት፤ የወር አበባችን የሚመጣበትን ቀን፣ እርግዝናችንን፣ የምንውጠውን መድኃኒት የምንነግረው ስልካችን ላይ ላለ መተግበሪያ ነው። አገር ቤት ላለች እናታችን የማንነግረውን ለእሱ እንነግረዋለን። እኛ በምንኖርበት አገር ደግሞ የእርግዝና ወሬ ከሥራ አስባርሮ ወደ አገር ቤት ሊያስመልስ ይችላል፤ ከጋብቻ ውጭ ማርገዝ በሕግ የሚያስጠይቅበት አገርም አለ። ስለዚህ ያ መተግበሪያ ከጀርባው ምን እንደሚሠራ መጠየቅ መብታችን ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ለስደተኛ ሠራተኛ ተብሎ የሚሠራ የጤና መተግበሪያ ሁሉ ኮዱ ማንም ገብቶ ሊያየው በሚችል የጋራ ማከማቻ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የማያስቀምጥ ድርጅት ምክንያቱን ለእኛ ይንገረን።

እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም። ቤሩት ሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ግን እሁድ እሁድ ከአምስት እህቶች ጋር ሆነን የጤና መተግበሪያዎችን የአማርኛ ጽሑፍ እናነባለን፣ የተበላሸውን እናርማለን። ስለ ኮድ የማውቀውም በዚሁ ሥራ ያየሁትን ነው።

ኮድ ፕሮግራመሩ ለስልኩ የሚጽፈው ትእዛዝ ነው። “ይህን ቀን ተቀበል፣ 28 ቀን ደምርበት፣ ውጤቱን አሳያት” እንደማለት። ስልካችን ላይ የሚጫነው ግን ይህ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ሳይሆን ለማሽን ተፈጭቶ የተዘጋጀው ነው። የተፈጨ በርበሬ ከገበያ ስንገዛ እንዴት ነው? ቀይ ነው፣ ይሸታል፣ ውስጡ የሸክላ ዱቄት ይኑር አይኑር ግን ዓይናችን አይለይም። ዛላውን ገዝተሽ፣ ራስሽ ቀንጥሰሽ፣ ወፍጮ ቤት ቆመሽ ስታስፈጪ የምትበይውን ታውቂያለሽ። አንቺ እንኳ ባታስተውዪ አጠገብሽ ወረፋ የያዘችው ሴት ታያለች፤ አይታም ዝም አትልም። ጊትሀብ፣ ጊትላብ የሚባሉት የጋራ ማከማቻዎች እንደዚያ ወፍጮ ቤት ናቸው። ኮዱ ከመፈጨቱ በፊት እዚያ ይቀመጣል። የትኛውን መስመር ማን፣ መቼ እንደቀየረው ይመዘገባል። ስህተት ያየ ሰው “እዚህ ጋ ተሳስታችኋል” ብሎ በአደባባይ ይጽፋል። እኔና አንቺ ኮድ ማንበብ ባንችልም የሚያነቡልን አሉ።

የሚያነብልን ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ በኮሮና ጊዜ አይተናል። ኳታር ለነበራችሁ እህቶች ኢህቲራዝን ማስታወስ አያስፈልግም። በፈረንጆቹ ሜይ 2020 ከቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ እንዲጭነው ግዴታ ሆነ፤ አልጭንም ያለ እስከ 3 ዓመት እስራትና እስከ 200,000 ሪያል ቅጣት ሊጠብቀው ይችል ነበር። ኮዱ ለሕዝብ ክፍት አልነበረም። የአምነስቲ ኢንተርናሽናል ባለሙያዎች ከውጭ ሆነው ሲፈትሹት ያገኙት ነገር ያስደነግጣል። ለሰርቨሩ የመታወቂያ ቁጥር ብቻ ከሰጠሽው፣ አንቺ ማን እንደሆንሽ ሳይጠይቅ የባለ ቁጥሩን መረጃ ያወጣልሽ ነበር፤ ስሙን፣ የጤናውን ሁኔታ፣ ለይቶ ማቆያ ከገባም የት እንዳለ። ቁጥሮቹ ደግሞ የታወቀ አደራደር ስላላቸው ኮምፒውተር እየደረደረ ሊሞክራቸው ይችላል። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ በዚህ መንገድ ተጋልጦ ነበር። የአገሪቱ ባለሥልጣናት በተነገራቸው ማግስት ቀዳዳውን ዘግተውታል፤ ይህ ሊመሰከርላቸው ይገባል። ግን እስቲ ከእኛ አንጻር እንየው። የእኛ የመታወቂያ ቁጥር ማን እጅ ነው ያለው? ማዳም እጅ ነው፣ ኤጀንሲው እጅ ነው፣ አንዳንዴም ደላላው ስልክ ውስጥ በፎቶ አለ። ኮምፒውተር የሚደረድርበትም ምክንያት የለም፤ ቁጥራችን በሰው እጅ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

በቀጣዩ ወር አምነስቲ የ11 አገሮችን የኮሮና መተግበሪያዎች ሲያወዳድር የባህሬኑን ቢ አዌር፣ የኩዌቱን ሽሎኒክና የኖርዌዩን ስሚተስቶፕ ለግል ሕይወት በጣም አሳሳቢ ከሆኑት መደባቸው፤ ሰውየው ያለበትን ቦታ በየጊዜው ወደ አንድ ማዕከል ይልኩ ነበርና። የባህሬኑ ጭራሽ በረመዳን ወቅት ሰዎች ቤታቸው መሆናቸውን እየደወለ ከሚያረጋግጥና ሽልማት ከሚሰጥ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጋር ተያይዞ ነበር።

ኖርዌይን ልብ በሉልኝ። ሀብታም አገር ናት፣ ሕግ አላት፣ ግን እሷም የመጀመሪያውን መተግበሪያዋን በዝግ ኮድ ነው የሠራችው። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ተቋም ከነቀፈው በኋላ በጁን 2020 ሥራውን አቆሙት፣ የሰበሰቡትንም መረጃ አጠፉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የወጣው ሁለተኛው የሰውን ቦታ አይከታተልም፤ ኮዱም ክፍት ሆነ። ጀርመን ደግሞ ኮሮና ቫርን የሚባለውን መተግበሪያዋን ገና ሥራ ሳይጀምር ነው ኮዱን ጊትሀብ ላይ ያስቀመጠችው። ከወራት በኋላ የጊትሀብ የደህንነት ባለሙያዎች ያንኑ ክፍት ኮድ ሲያነቡ በሰርቨሩ ላይ ከባድ ቀዳዳ አገኙ፤ ተነገራቸው፣ ተደፈነ።

“ኮዱ ለሁሉም ከታየ ሌባም ያየዋል እኮ” የሚል ክርክር ሁሌ ይነሳል። ያየዋል። ግን የኳታሩ ኮድ ዝግ ሆኖም ቀዳዳው ከውጭ ተገኝቷል። መዝጋት ሌባውን አያስቀረውም፤ የሚያስቀረው ወረፋ የያዘችውን ሴት ነው። በሌላ በኩል ኮድን መክፈት ብቻውን አንባቢ አያመጣም። ግማሽ ኢንተርኔት የሚጠቀምበት ኦፕንኤስኤስኤል የተባለ ክፍት ሶፍትዌር ውስጥ ሃርትብሊድ የሚባል ቀዳዳ ሁለት ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ተቀምጦ በ2014 ነው የተገኘው። ስለዚህ ድርጅቶቹ ኮዱን ከፍተው ዞር ማለት ሳይሆን ለሚፈትሽላቸው ባለሙያ ገንዘብ መመደብ አለባቸው። ለፖስተርና ለሆቴል ስብሰባ የሚመድቡትን ያህል አልኩ እንጂ ብዙ አልጠየቅሁም።

ክፍት ኮድ የማይፈታው ሌላ ነገርም አለ። ሲንጋፖር ትሬስ ቱጌዘር ለሚባለው የኮሮና መተግበሪያ መሠረት የሆነውን ኮድ በ2020 ከፍታለች። መረጃው ለበሽታ ክትትል ብቻ ነው ተብሎም ነበር። በጃንዋሪ 2021 ግን ፖሊስ ለወንጀል ምርመራ ሊወስደው እንደሚችል ለፓርላማ ተነገረ። ኮዱ አልዋሸም፤ ሕጉ ላይ ሌላ በር ነበር። ለዚህ ነው እኔ የምመርጠው መረጃውን ወደ ሰርቨር ጭራሽ የማይልክ መተግበሪያ የሆነው። በርሊን ያሉ ሰዎች የሠሩት ድሪፕ የሚባል የወር አበባ መከታተያ አለ፤ የምታስገቢው ሁሉ ስልክሽ ላይ ብቻ ይቀራል፣ የይለፍ ቃል ማድረግም ይቻላል። “ስልክሽ ላይ ብቻ ይቀራል” የሚለውን ግን ማንም ይለዋል። ድሪፕ ሲለው የምቀበለው ኮዱ ክፍት ስለሆነ፣ ውሸት ቢሆን አንዱ አንባቢ ያጋልጠው ስለነበር ነው። ፍሎ የሚባለው ታዋቂው የወር አበባ መተግበሪያ የጤና መረጃችሁን አላካፍልም እያለ ለፌስቡክና ለጎግል የትንተና አገልግሎቶች ያስተላልፍ ነበር ተብሎ በአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ በ2021 በስምምነት ጨርሷል። ቃል መግባት ቀላል ነው።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ፤ እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ እሱ ስለሆነ።

የብዙ መተግበሪያዎች አማርኛ በማሽን የተተረጎመ ነው። አንደኛው “የመጨረሻ የወር አበባህ የጀመረው መቼ ነው?” ብሎ ይጠይቃል። አንተ እያለ! ሌላው “ዘመንሽ ዘግይቷል” ይላል፤ ፒሪየድ የሚለውን ቃል ዘመን አድርጎት። ዲስቻርጅን ደግሞ ከሆስፒታል መውጣት ብሎ ተርጉሞት “ከሆስፒታል መውጣትሽ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?” አለን። ያን ቀን እንባችን እስኪመጣ ነው የሳቅነው። ግን ፈሳሹ አረንጓዴ ሆኖ የሚሸታት፣ ሐኪም ጋ መሄድ ያለባት እህት ይህን አንብባ ምን ትመልሳለች? ዘግታው ትተኛለች።

ከነዚህ መተግበሪያዎች አንዱ ዝግ ነበር። ሦስት ጊዜ ኢሜይል ላክን፤ መልስ የለም። ሌላው ኮዱ ክፍት ነበር። በክፍት ፕሮጀክት ውስጥ ስክሪን ላይ የሚታዩት ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ከሌላው ኮድ ተለይተው በየቋንቋው በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በግራ የነገሩ መጠሪያ፣ በቀኝ የሚታየው ቃል። “አበባህ”ን “አበባሽ” ለማድረግ የሚቀየረው አንድ መስመር ነው። ያንን መስመር ቀይረሽ “ይህን ተቀበሉኝ” ብለሽ ታቀርቢያለሽ፣ ኃላፊዎቹ ያዩታል፣ ካመኑበት ይቀላቅሉታል። በአራተኛው ቀን ተቀበሉን። ለዚህ ኮምፒውተር እንኳ አላስፈለገንም፤ በስልክ ነው ያደረግነው።

ቃሉ ቀላሉ ነው። የሚከብደው ቀኑ ነው። ያው መተግበሪያ ኦክቶበርን “ጥቅምት” ብሎ ተርጉሞታል። እኛ ደግሞ ጥቅምት ስንባል የራሳችን ጥቅምት ነው የሚመጣልን። የእኛ ጥቅምት 5 በአብዛኛው ዓመት የፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 ነው። አንዲት እህት ጥቅምት 5 ጀመረኝ ብላ ብታስገባ መተግበሪያው ኦክቶበር 5 አድርጎ ይይዘዋል፤ አሥር ቀን ወደ ኋላ። ቀጣዩ የወር አበባ አሥር ቀን አስቀድሞ ይመጣል ይላታል፤ ሳይመጣ ሲቀር ቀረብኝ ብላ እንቅልፍ አጥታ ታድራለች። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ 5 ሳምንት የሆናት 6 ሳምንት ከ3 ቀን ነሽ ትባላለች። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። “መድኃኒት ጠዋት 2 ሰዓት” ብላ የሞላች እህት፣ ስልኩ የሚጮህባት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ማዳምን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ “ምንድን ነው የምትወስጂው?” የሚል ጥያቄ ሊያመጣባት። መድኃኒቷ የፀረ ኤችአይቪ ከሆነ ያ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ይህንን ለንደን ወይም ዱባይ ቢሮ የተቀመጠ ፕሮግራመር በራሱ ሊያስበው አይችልም። እኛ ግን እናውቀዋለን። ኮዱ ክፍት ካልሆነ እውቀታችን የሚገባበት በር የለም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ እኔን በጣም ያስደሰተኝ ነገር አለ። አገራችን ውስጥ ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ተቋሙ የሚመጣውን መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ ሶፍትዌር አለ። መነሻው ከአፓርታይድ በኋላ በነበረችው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ አሁን የሚመራው ከኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። ያ ሶፍትዌር የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ ያውቃል። ማለትም ጳጉሜንን ጭምር የሚቆጥረው ሒሳብ ተጽፎ፣ ተሞክሮ፣ ሰው ሊያየው በሚችልበት ቦታ ተቀምጧል። ለእኛ መተግበሪያ የሚሠራ ድርጅት ከዜሮ መጀመር የለበትም፤ ፈቃዱን አንብቦ መጠቀም ወይም ከእሱ መማር ይችላል። የጋራ ማከማቻ ዋናው ጥቅሙ ለእኔ ይህ ነው። እስካሁን የማየው ግን እያንዳንዱ ድርጅት የየራሱን መተግበሪያ ከመጀመሪያው ሲሠራ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላ የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ፣ መተግበሪያውም አብሮ ሲሞት ነው። የክሊኒኩ ስልክ ቁጥር ተቀይሮ እንኳ የሚያስተካክለው ሰው አይኖርም። ኮዱ ክፍት ቢሆን ሌላ ቡድን ይረከበው ነበር።

ማከማቻው ራሱ ባለቤት እንዳለው መዘንጋት የለበትም። ጊትሀብ ከ2018 ጀምሮ የማይክሮሶፍት ነው። በ2019 በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት ኢራንና ሶርያ ያሉ ሰዎች አገልግሎቱ ተገድቦባቸው ነበር፤ ለኢራን የተፈቀደው በ2021 መጀመሪያ ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ ለምንኖር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ደግነቱ ኮድ በአንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ የለበትም፤ ሙሉ ቅጂው ከነታሪኩ በየሠራተኛው ኮምፒውተር ላይም፣ በሌላ ማከማቻም ሊኖር ይችላል።

በዚህ ሥራ ለመግባት ለምታስቡ እህቶች ግን አንድ ነገር ጠንክሬ ልናገር። ክፍት የሚሆነው ኮዱ ነው፤ እኛ አይደለንም። የሴቶች የምርመራ ውጤት፣ ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ለሙከራ ተብሎ እንኳ ማከማቻው ውስጥ መግባት የለበትም። የሰርቨር የይለፍ ቃልም እንዲሁ። ማከማቻው ታሪክ ይይዛል ብያለሁ፤ ዛሬ በስህተት የገባ ፋይል ነገ ቢሰረዝ ከፊት ገጹ ይጠፋል እንጂ ከታሪኩ አይጠፋም። በመሃል ቅጂ የወሰደ ሰው ካለ ደግሞ አበቃ፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አንዳንድ ፕሮግራመሮች “የእውነት መረጃ ካልሆነ መሞከር አይቻልም” ይላሉ። ይቻላል። የሌሉ ሴቶችን የሌለ መረጃ መፍጠር የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ችግር ስታመለክቺም የስክሪን ፎቶ ከመላክሽ በፊት ስምሽን፣ ስልክ ቁጥርሽን፣ ያስገባሽውን ቀን ሸፍኚ። ገጹን ዓለም ያየዋል። ስምሽንም አትጻፊ። እያንዳንዱ ለውጥ ሲመዘገብ የለዋጩ ስምና ኢሜይል አብሮ ይመዘገባል። ከፋላ ሥር ያለች ሠራተኛ ስሟ ከወር አበባ ወይም ከአባላዘር በሽታ መተግበሪያ ጋር ተያይዞ ጎግል ላይ ቢወጣ፣ ማን እንደሚፈልግበት አይታወቅም። ለዚህ ብቻ የሚሆን አዲስ ኢሜይል ክፈቺ፣ ቅጽል ስም ያዢ፤ ጊትሀብ ኢሜይልሽን እንዲደብቅልሽ የሚያደርግ ማስተካከያም አለው። እኛ ስድስታችንም በቅጽል ስም ነው የምንጽፈው፤ ከአንዳችን በቀር ሁሉም አሁንም ሰው ቤት ናቸው።

ክፍት ኮድ ለአስመሳይም ይመቻል። ማንም ቅጂውን ወስዶ፣ ሰላይ ነገር ጨምሮበት፣ በዚያው ስምና ምልክት ሊያሰራጨው ይችላል። ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም ላይ “ይሄን ጫኚ” ተብሎ የሚላክ ፋይል አትጫኚ፤ እህትሽ ብትልክልሽም። ከመተግበሪያ መደብሩ፣ ወይም ድርጅቱ በራሱ ገጽ ካስቀመጠው ማስፈንጠሪያ ብቻ አውርጂ።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ድርጅት በማኅበረሰብ ስብሰባችሁ ላይ መጥቶ አዲስ የጤና መተግበሪያ ሲያስተዋውቅ፣ ከቡናው በፊት እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ። ኮዱ የት ነው? የማስገባው መረጃ ስልኬ ላይ ነው የሚቀረው ወይስ ወደ ሰርቨር ይሄዳል? ሰርቨሩ በየትኛው አገር ሕግ ሥር ነው? አማርኛውን ያነበበችው ማን ናት? “ቴክኒካል ነገር ነው” ብለው ሊያልፉት ሲሞክሩ አትቀበሉ። እኔ ሦስት ቦታ ጠይቄአለሁ፤ በአንዱ ኮዱን በዚያው ሳምንት ከፈቱት፣ በሁለቱ ስልክ ቁጥሬን ተቀብለው አልደወሉም።

የእኛ የቀን መቁጠሪያ ጥያቄ ደግሞ አሁንም እዚያው ማከማቻ ውስጥ ሳይዘጋ ተቀምጧል። የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ሐሳቡን ተቀብለውታል፣ ግን ሒሳቡን የሚጽፍ ሰው የላቸውም። ምን መስተካከል እንዳለበት ከጥቅምቱና ከጳጉሜን ምሳሌ ጋር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፈን አስቀምጠናል። ኮድ መጻፍ የምትችል እህት፣ ወይም የምትችል እህት ያላት ካለች፣ ሥራው እዚያ አለ።